ሐዋሳ ለሚመጣ እንግዳ፦ ስለ ደህንነትና ከፍሎ ስለሚገኝ አብሮነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተረኛ ነኝ። ከውጭ አገር የሚመጣው፣ ውጭ ተወልዶ ያደገው የእኛው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የወረደው፣ ሁሉም ቁልፉን ሲቀበለኝ ድምፁን ቀነስ አድርጎ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። «የሚያዞረኝ ሰው ይኖራል?» ይለኛል። አንዱ አስጎብኚ ፈልጎ ነው። አንዱ ብቻውን እራት መብላት ሰልችቶት ነው። አንዱ ደግሞ ሴት ፈልጎ ነው፤ ይሄንንም ደፍሮ መናገር ስለሚያፍር ዙሪያውን ይዞራል። እኔ ያየሁት ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው ከዚህ ዙሪያውን ከመዞር ነው። ምን እንደሚፈለግ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ቀድሞ ካልተነገረ፣ ጸቡ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እኔ ፊት ነው የሚመጣው። ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው።

ሐዋሳን ብቻዬን ብዞር ችግር አለው?

ቀን ላይ የለውም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፣ ከገብርኤል አደባባይ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር ነው የምትደርሱት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛባታል፤ እንግዳ ማየት ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም።

ሲመሽ ግን ሌላ ነው። ሐይቅ ዳር ያለው የእግር መንገድ ፀሐይ ስትገባ በጣም ያምራል፣ ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ስልክ የሚነጠቀው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ፎቷችሁን አንሱና ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ሰው ወዳለበት ወደ አስፋልቱ ውጡ። ታቦር ተራራንም መውጣት ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሁን፣ ሰው ይዛችሁም ውጡ። ከላይ ሐይቁና ከተማው ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ሳታዩት እንድትሄዱ አልፈልግም። ብቻችሁን አመሻሽ ላይ ግን አይሆንም።

ሐይቅ ዳር «ላስጎብኝህ» የሚለኝን ልጅ ልመነው?

ብዙዎቹ ጥሩ ልጆች ናቸው። እዚያው ያደጉ ናቸው፣ ከዓሳው ቆሮሶውን ከአምባዛው ለይተው ያሳዩዋችኋል፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ የዓሳ አንጀት ሲሻማ የት ብትቆሙ እንደማይረግጣችሁ ያውቃሉ። ጉሬዛውና ጦጣው ከእጃችሁ ምን እንደሚነጥቅም ይነግሯችኋል። ለዚህ መክፈል ተገቢ ነው፤ ሥራ ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት አራት ሆነው የመጡ እንግዶች ጉማሬ ለማየት ጀልባ ተነጋገሩ። ባለጀልባው «አምስት መቶ» አለ። እነሱ ለጀልባው ነው ብለው ሰሙ። እሱ ለአንድ ሰው ማለቱ ነበር። ይህ የታወቀው የት መሰላችሁ? ሐይቁ መሀል፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጉማሬው ራሱን ብቅ አድርጎ እያየ። ባለጀልባው አልዛተም፣ አልሰደበም፤ ሞተሩን አላስነሳም እንጂ። ከፍለው ተመለሱ፣ እኔ ጋር ደርሰው «ተዘረፍን» አሉ። እሱን ብትጠይቁት ደግሞ «ሊክዱኝ ነበር» ነው የሚለው። ሁለቱም እውነት ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ከመሬት ሳትነሱ ተናገሩ፦ ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ለስንት ሰዓት? መመለሻው ውስጡ አለ? የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ? ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ሌላ አለ። ደግሞ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል።

አስጎብኚው ሕጋዊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መታወቂያ ወይም ባጅ ጠይቁት። ያለው ሰው ሲጠየቅ አይከፋም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ባጅ የሌለውን መውሰድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሆቴላችሁ ድረስ ይምጣና መቀበያው ላይ ያለው ሰው ይየው። ስሙንና ስልኩን እኛ ጋር ይተው። ይሄ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፣ ግን ክፉ ያሰበ ሰው ያን አንድ ደቂቃ አይወዳትም፤ «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል።

ስንት ልክፈል?

ቁጥር አልጽፍላችሁም፣ ዋጋው በየወሩ ነው የሚለዋወጠው፤ የዕለቱን ዋጋ ሆቴላችሁን ጠይቁ። ቁም ነገሩ ስለ ግማሽ ቀን ወይም ስለ ሙሉ ቀን መነጋገራችሁ ነው። ምሳውን የሚከፍለው ማን ነው፣ የመግቢያውንስ፣ የባጃጁንስ? አስጎብኚያችሁ የወሰዳችሁ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ኮሚሽን ሊሰጠው እንደሚችል እወቁ። ይሄ ወንጀል አይደለም፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሌላም ቦታ ዋጋ ጠይቁ። ጉርሻ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ አይሰጥም። ዶላር ይዛችሁ ከሆነ ባንክ ገብታችሁ መንዝሩ፣ መንገድ ላይ «ጥሩ እመነዝርልሃለሁ» ካለ ሰው ጋር ጥግ አትያዙ።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምመጣው። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ብቀጥር ይሻላል?

ለታቦርና ከከተማ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ አዎ፣ ለከተማው ግን የግድ አይደለም። ሴት አስጎብኚ እንዳለች ሆቴላችሁን ጠይቁ። ወንድ ከሆነ የቀጠራችሁት፣ ክፍል ቁጥራችሁን አትንገሩት፣ ሲመጣ ታች ይጠብቅ። ሥራው ሲያልቅ ታች ከፍላችሁ፣ አመስግናችሁ፣ ታች ተለያዩ።

አንዳንድ ልጆች ሁለት ቀን አብረው ከዞሩ በኋላ ነገሩን ወደ ፍቅር ሊያዞሩት ይሞክራሉ። የእኛ አገር ልጅ ሲግባባ ቶሎ ነው የሚቀርበው፤ «የኔ እህት»፣ «የኔ ቆንጆ» ይላል፣ እጅ ይይዛል፣ ይሄ ብቻውን ክፋት አይደለም። ካልተመቻችሁ ግን ሳትስቁ «አልፈልግም» በሉ። እየሳቃችሁ ያላችሁትን እንደ መግደርደር ነው የሚቆጥረው። ሁለተኛ ከደገመው ለመቀበያው ሰው ተናገሩ። እኔ ስንቱን ልጅ በር ላይ አስቁሜ መልሻለሁ፣ ለዚያ ነው እዚያ የተቀመጥኩት።

ማታ ክለብ ውስጥ አብራኝ የተቀመጠችው ሴት ይከፈላታል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ከጓደኞቿ ጋር ልትዝናና የወጣች ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ የቤቱ አስተናጋጅ ልትሆን ትችላለች፣ በወሲብ ሥራ የምትተዳደርም ልትሆን ትችላለች። በአለባበሷ ለመገመት አትሞክሩ። መገመት ነው ሰው የሚያዋርደው፣ መገመት ነው ወንድሟን ወይም ጓደኛዋን የሚያስነሳባችሁ።

በዚህ ሥራ የምትተዳደር ከሆነች ራሷ ትነግራችኋለች። ያኔ እናንተም በግልጽ ተናገሩ፦ ስንት፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ የት፣ በኮንዶም። ይሄን ቀድሞ መናገር የሚያሳፍር ይመስላል። አያሳፍርም። ለእሷም ለእናንተም ጥበቃ ነው። አንድ ሌሊት አንዲት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከላይ ወርዳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሰውየው «እራት ጋብዤሻለሁ፣ ምን ትፈልጊያለሽ» ብሏት ነው። እሱ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሄደ። እሷ ለባጃጅ እንኳን አልነበራትም። ጥበቃው አባባ ነው ከኪሱ አውጥቶ ያሳፈራት። ስለ እንግዳ ደህንነት ስንናገር የዚህችን ልጅ ደህንነት ከረሳን ያወራነው ግማሹን ነው።

ደግሞ ከፍያለሁ ማለት የፈለግሁትን ሁሉ አደርጋለሁ ማለት አይደለም። እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ መሀል ላይም ቢሆን። ኮንዶም ማውለቅም የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሷን ችላ በወሲብ ሥራ የምትተዳደርን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በሥራው ብቻ የሚቀጣ አንቀጽ የለውም። የሚቀጣው በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን ነው። አንቀጽ 634 ደላላውንም፣ ለዚሁ ብሎ ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድረውንም ይይዛል። አታልሎ ወይም አስገድዶ ወደዚህ ሥራ የሚያስገባ ደግሞ በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት አለበት። ስለዚህ «እኔ አመጣልሃለሁ» የሚል ባለባጃጅ ወይም ደላላ ሲገጥማችሁ፣ ያ ሰው እያደረገ ያለው ነገር ወንጀል መሆኑን እወቁ። እሱ ያመጣት ልጅ በፈቃዷ ትምጣ፣ ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለእሷ ይድረስ፣ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም።

ዕድሜዋን ጠየቅኳት፣ «20» አለችኝ፤ አይበቃም?

አይበቃም። ይሄን ጥያቄ አንድ ሰው በእውነት ጠይቆኛል፣ ቆሞ፣ ልጅቷ ከኋላው ሆና። ፊቷን ሳየው ሆዴ ተላወሰ።

ከተጠራጠራችሁ አቁሙ። መታወቂያ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ግን መታወቂያም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከገጠር መጥተው ከተማው ውስጥ ማንም የሌላቸው፣ ረሃብ ያስጨነቃቸው ልጆች አሉ፤ «20» በይ ያላት ሰው አለ። ሕጉ ዕድሜዋ ከ13 በላይ ሆኖ 18 ካልሞላት ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመን ሰው በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከ13 በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። «ፈቅዳ ነው» ማለት ወይም ገንዘብ መክፈል አያድንም። የውጭ ዜጋ መሆንም አያድንም፤ ብዙ አገሮች ዜጋቸው ውጭ አገር ልጅ ላይ የፈጸመውን ወንጀል አገሩ ሲመለስም ይከሱበታል።

ሌላ ሰው ልጅ ይዞ ሲገባ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ለመቀበያው ተናገሩ፣ መቀበያው ችላ ካለ 991 ደውሉ፣ ፖሊስ ነው። ሐይቅ ዳር ማስቲካ የሚሸጡትንና ሊስትሮ የሚሠሩትን ልጆችም በደግነት ቢሆን እንኳን ወደ ክፍላችሁ አታስገቡ። መርዳት ከፈለጋችሁ እዚያው ሰው ባለበት ምግብ ግዙላቸው።

መጠጥ ውስጥ የሚያደነዝዝ ነገር ይጨመራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎልማሳ እንግዳ ነበር፣ ጨዋ ሰው፣ ሁልጊዜ «እንደምን አመሸሽ እህቴ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባጃጅ በር ላይ ጥሎት ሄደ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ስሙን ስጠይቀው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ሰክሮ ነው ብለን ብናስተኛው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ጥበቃው «ይሄ ስካር አይደለም፣ አፉ አይሸትም» አለ። ሪፈራል ሆስፒታል ወሰድነው። በማግስቱ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ አዲስ ቢራ ተከፍቶ ጠበቀው፣ አብረውት የተቀመጡት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት «ጋብዘንሃል» አሉት። ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ ገንዘቡ ሁሉ ሄዷል።

ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት። ከተነሳችሁ፣ ስትመለሱ ያንን አትንኩ፣ ሌላ እዘዙ፤ አንድ ቢራ ምንም አይደለም። ማስቲካ፣ ሲጋራ፣ ሺሻም ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ። ድንገት ከጠጣችሁት በላይ ራሳችሁ ከከበዳችሁ፣ ብቻችሁን ወደ ውጭ አትውጡ፣ «አየር እንዲያገኝ እናውጣው» ካላችሁ ሰው ጋርም አትውጡ። አስተናጋጁን ወይም ካሸሯን ጥሩና ሆቴላችሁ ይደውሉ። ስለዚህ የሆቴሉን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሆቴሉ የእንግዳዬን መታወቂያ ለምን ይቀበላል? ክብር መንካት አይደለም?

እንደዚህ ብለው የሚቆጡ አሉ፤ አትቆጡ። መታወቂያዋ እኛ ጋር ከሆነ፣ እሷ ስትወጣ እናንተ ክፍል እንደውላለን። «ሰላም ነኝ» ትላላችሁ፣ መታወቂያዋን ትቀበላለች፣ ትሄዳለች። በዚህች ስልክ ብዙ ሌብነት ቀርቷል። ለእሷም ቢሆን የት እንደገባች፣ ከማን ጋር እንደገባች የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። መታወቂያ የማይጠይቅ ቦታ ከተወሰዳችሁ፣ በተለይ እሷ ወይም ባለባጃጁ የመረጠው የማታውቁት ፔንሲዮን ከሆነ፣ ተመለሱ።

ቴሌግራም ላይ ያገኘኋት «ቅድሚያ ላክ» አለችኝ። ልላክ?

አትላኩ። ፎቶው የሌላ ሰው ነው፣ ከጀርባው ያለው ወንድ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ለትራንስፖርት ይላል፣ ትልካላችሁ። ከዚያ «ማስያዣ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የከፋው ደግሞ የራሳችሁን ፎቶ ከላካችሁ የሚመጣው ነው፤ «ለሚስትህ እልካለሁ» ይላል። አንዴ ከከፈላችሁ አያቆምም፣ ይጨምራል። መልስ አትስጡ፣ መልእክቱን አትደምስሱ፣ ለፖሊስ የምታሳዩት እሱን ነው።

ከማታ በኋላ ባጃጅ ይያዛል?

ሆቴሉ ወይም የበላችሁበት ቤት የሚያውቀውን አስጠሩ። ኮንትራት ይሁን፣ ዋጋው ከመግባታችሁ በፊት ይነገር፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አይጨምር። ታርጋውን ለመቀበያው ላኩ።

ተዘረፍኩ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አትከታተሉ፣ አትታገሉ። ስልክ ከሆነ የሄደው፣ በሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፤ ቴሌብር ያለው በዚያው ቁጥር ላይ ነው። ቀጥሎ ባንካችሁ ጋር ደውሉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። የስልኩን መለያ ቁጥር ይጠይቋችኋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ *#06# ጫኑና የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ፓስፖርት ከጠፋ የፖሊስ ማስረጃ ሳትይዙ ኤምባሲ አትሂዱ። አማርኛችሁ ደከም ያለ ከሆነ ከሆቴሉ አንድ ሰው አብሯችሁ እንዲሄድ ጠይቁ፣ እኛ እንሄዳለን።

ሴት ሆና የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር የሚላት ሰው ይኖራል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት እንግዳዬን አጅቤ ሄጄ ይሄው ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፣ እስካሁን ያናድደኛል። መልስ መስጠት ያለባት ስለተፈጸመባት ነገር ብቻ ነው። የሚሰማችሁ ካጣችሁ ኃላፊውን ጠይቁ።

ኮንዶም ቢቀደድ፣ ወይም ተገድጄ ቢሆንስ?

ሰዓት ቁጠሩ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ 28 ቀን ይወሰዳል። ሪፈራል የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፣ አዳሬ ሆስፒታልም አለ። እሁድም ይሁን በዓል ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ «ሰኞ እሄዳለሁ» አይባልም። እርግዝና የምትሰጋ ሴት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውን ከፋርማሲ ታገኛለች፣ እሱም ቶሎ ነው የሚወሰደው። ከአገር ልትወጡ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ፣ የቀረውን መድኃኒት እንዴት እንደምትቀጥሉ ይነግራችኋል።

ተገዶ የተደፈረ ሰው፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ሳይታጠብና ልብሱን ሳያጥብ ነው ሆስፒታል መሄድ ያለበት። ልብስ ከቀየራችሁ የቀየራችሁትን በወረቀት ከረጢት ያዙ። ይሄን ስናገር ይከብደኛል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ሻወር ነው። አምቡላንስ 907 ነው።

በበዓል ሰሞን ብመጣስ?

ኑ! ፊቼ ጫምባላላን በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል። የታኅሣሥ ገብርኤልም እንደዚሁ ከየአገሩ ሰው ይጎርፍበታል። ግን ክፍል ቀድማችሁ ያዙ። ክፍል ሳይዝ የመጣ ሰው ማታ መናኸሪያ ላይ «ርካሽ አልጋ አለ» ያለውን ደላላ ተከትሎ ነው የማያውቀው ሰፈር የሚገባው። እንደዚያ ከገጠማችሁ ደላላውን ትታችሁ መብራት ያለበት ትልቅ ሆቴል ግቡና ባይኖራቸውም ክፍል ያለበት ቦታ ደውለው እንዲያገኙላችሁ ለምኑ። እኔ ባለፈው ገብርኤል አንዲት እናትና ልጇን እስኪነጋ ሶፋው ላይ አስተኝቻቸዋለሁ፤ ብርድ ልብሱ ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው የሚቀመጠው።